የስጦታ ወረቀት የማይቀደድበት ቤት፦ ልጆቼን እንዴት ላስለምዳቸው?

የሳጥኗ ወራሽ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ።

ጥያቄዬ ለአንዳንዶቻችሁ ቀልድ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን የምሬን ነው።

እኛ ቤት የስጦታ ወረቀት አይቀደድም። ማን እንዳወጣው የማይታወቅ ሕግ ነው። እናቴ ከእናቷ ወሰደችው። አያቴ ደግሞ ስትጠየቅ "ድሮም እንዲህ ነው" ብላ ወሬውን ትዘጋው ነበር። ስጦታ የተሰጠው ሰው መጀመሪያ ይቀመጣል። ቆሞ መክፈት የለም። ጥብጣቡን ይፈታል እንጂ አይቆርጥም። ቋጠሮው እምቢ ካለ በጥፍር፣ በጥፍር ካልሆነ በሹካ ጫፍ ይላቀቃል። መቀስ የሚያነሳ ሰው "ምን አስቸኮለህ?" ይባላል። ከዚያ ወረቀቱ እጥፋቱን ተከትሎ ይከፈታል፣ በመዳፍ ይደላደላል፣ ለእናቴ ይሰጣል። ውስጥ ያለው ዕቃ ምን እንደሆነ የሚታየው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እንግዳ ሆኖ የመጣ ሰው ትዕግሥቱ ያልቃል።

ፕላስተርም ክልክል ነው። ሁሉም ነገር በእጥፋትና በጥብጣብ ብቻ ይያዛል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እናቴ ወረቀቱን ገልብጣ በጀርባው መሃል ላይ በእርሳስ ትጽፋለች። ከማን፣ ለማን፣ ምን፣ መቼ። መሃል ላይ የሚጻፈው ጠርዝ መቆረጡ ስለማይቀር ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ያው ወረቀት ሌላ ዕቃ ይጠቀልላል፤ ከሥሩም ሌላ መስመር ይጨመራል። ስለዚህ ስጦታ የደረሰው ሰው ከእሱ በፊት በዚያ ወረቀት ማን ምን እንደተሰጠው ቁጭ ብሎ ያነባል። ልጅ ሆኜ ከስጦታው ይልቅ ይሄን ማንበብ ይበልጥብኝ ነበር። ቢያንስ ስጦታው ካልሲ በሆነ ጊዜ።

አንድ ሰማያዊ ወረቀት አለን፤ ትንንሽ ነጫጭ ወፎች ያሉበት። የመጀመሪያው መስመር በአያቴ እጅ የተጻፈ ነው፦ "ለሙሽራዋ፣ ብርድ ልብስ"። ሙሽራዋ እናቴ ናት። ከዚያ ጠርዙ ተበላና ተቆረጠ፤ ቀጥሎ የአባቴን ሹራብ ጠቀለለ። ከዚያ ደግሞ የእኔን መዝገበ ቃላት። ከዚያ የወንድሜን የእጅ ሰዓት። እያነሰ እያነሰ ሄዶ አሁን ከአንድ ደብተር ገጽ ብዙ አይበልጥም። ጽሑፉም ቦታ ስላጣ እናቴ መጨረሻ ላይ የጻፈችው በመነጽር ነው የሚነበበው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ባለቤቴ ከቀዳጆች ቤት ነው የመጣው። እነሱ ዘንድ ስጦታ እጅ ላይ እንደወደቀ ይተረተራል። "ቀስ ብሎ የሚከፍት ሰው ስጦታውን አልፈለገውም ማለት ነው" ትላለች አማቴ። ባለቤቴ እኛ ቤት የመጀመሪያ ስጦታ ሲሰጠው እናቴ ፊት ነው ፍርክስክሱን ያወጣው። ቤቱ ጸጥ አለ። እናቴ ግን ምንም አላለችም። ቁርጥራጩን ለቀመች፣ ትልቁን መረጠች፣ በጀርባው ጻፈችበትና ወረቀቶቹ የሚቀመጡበት ሳጥን ውስጥ አስገባችው። እስከ ዛሬ አለ። "ለልጄ ባል፣ ሸሚዝ። ተቀደደ።" ይላል።

አያቴ ካረፈች በኋላ ሳጥኑ ወደ እኔ መጣ። ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ማንበብ ስለምትወድ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እያወጣች ታነባለች። ታናሽ ወንድሟ ግን አምስት ዓመቱ ነው፤ በዚህ ነገር አባቱን ነው። በልደቱ ቀን "ቀስ በል" ስለው እንባው መጣ። ስጦታ ሲከፍት የሚያለቅስ ልጅ አይቼ አላውቅም ነበር።

እና ምን ትመክሩኛላችሁ? ልጆቹን ሳላስመርር ይሄን ልማድ እንዴት ላስለምዳቸው? አሮጌዎቹን ወረቀቶችስ መጠቀም ልቀጥል ወይስ ላኑራቸው? ሌላም አለ። እጥፋታቸው ላይ መሰንጠቅ የጀመሩ አሉ። የቤታችንን ሕግ የማያውቁ ሰዎች የለጠፉባቸው ፕላስተር ደግሞ ቢጫ ሆኖ የቀረባቸው አሉ። ለእሱም መላ የሚያውቅ ካለ።

---

መቀስና ማስመሪያ

የሥራ ዕድሜዬን ብዙውን ያሳለፍኩት ስጦታ መሸጫ ውስጥ ቆሜ ስጠቀልል ነው። ስለ ልጅ አስተዳደግ አትጠይቂኝ፤ የራሴም ልጆች አይሰሙኝም። ስለ ወረቀቱ ግን የምለው አለኝ።

ከስንጥቁ ልጀምር። ወረቀት ማለት የተጠላለፈ ቃጫ ነው። ባጠፍሽው ቁጥር በእጥፋቱ መስመር ላይ ያለው ቃጫ ይሰበራል። እናንተ ደግሞ ከእናት እስከ ልጅ በዚያው መስመር ላይ ስታጥፉት ኖራችኋል። ስትከፍቱ እጥፋቱን ተከተሉ፣ ደግ ነው። ስትጠቀልሉ ግን ከድሮው መስመር የጣት ውፍረት ያህል ፈቀቅ በሉ። ስታስቀምጡም አጥፋችሁ አትደራርቡት። ወፈር ያለ የካርቶን ቱቦ ፈልጊና እሱ ላይ አዙሪው። ጽሑፉ ወደ ውስጥ ይሁን። ፀሐይና እርጥበት የማያገኘው ቦታ አስቀምጪው፤ የወረቀት ቀለም ፀሐይ አይችልም።

ካውያ ይቻላል? ይቻላል። ግን በዝቅተኛ ሙቀት፣ እንፋሎቱን ዘግተሽ፣ በላዩ ስስ ጨርቅ ጣል አድርገሽበት። ከጀርባ በኩል መተኮስ ነው የሚመከረው፤ የእናንተ ወረቀት ግን በጀርባው እርሳስ ስላለበት ካውያውን ጫን እያደረግሽ አንሺው እንጂ እንደ ልብስ አትግፊው። ከገፋሽው እርሳሱ ይላወሳል።

ብልጭልጩን ግን ካውያ አታስነኪው፤ ይኮማተራል። ምን ዓይነት እንደሆነ ካላወቅሽ ከጠርዙ ትንሽ ጭምድድ አድርገሽ ልቀቂው። እንደተጨማደደ ከቀረ ወረቀት ነው። ተመልሶ ከተዘረጋ ፕላስቲክ አለበት። በነገራችን ላይ ሪሳይክል የሚሆነውንና የማይሆነውን ለመለየትም የሚሠራው ይሄው ዘዴ ነው።

ፕላስተሩ። ቢጫ የሆነው የድሮው ዓይነት ነው። ማጣበቂያው ጎማ ነበረበት፤ አየር ሲያገኘው ይበላሽና ቅባት መሰል ነገር ወደ ወረቀቱ ያሰርጋል። አንዴ የሰረገው አይወጣም። ጊዜሽን አታጥፊበት። ገና ያልደረቀውን ግን በፀጉር ማድረቂያ ራቅ አድርገሽ አሙቂውና ከወረቀቱ ጋር አስተኝተሽ፣ ወደ ራሱ መልሰሽ ቀስ እያልሽ ሳቢው። ወደ ላይ ከሳብሽው የወረቀቱን ፊት ልጦ ይዞት ይመጣል።

አሁን ስለዚያ ሰማያዊ ወረቀት። ብዙ ሰው ወረቀት የሚያባክነው ሳጥኑን ከወረቀቱ ጠርዝ ጋር አስተካክሎ ስለሚያስቀምጠው ነው። ወረቀቱን አራቱም ጎኑ እኩል አድርጊና ሳጥኑን መሃሉ ላይ በሰያፍ አስቀምጪው፤ የሳጥኑ ጎን ወደ ወረቀቱ ጥግ እንዲያይ። አራቱን ጥጎች አንድ በአንድ ወደ ላይ ስትመልሻቸው ሳጥኑ አናት ላይ መሃል ለመሃል ይገናኛሉ። ስድስቱም ፊቱ እኩል ለሆነ ሳጥን ሒሳቡ የታወቀ ነው፤ የወረቀቱ ጎን የሳጥኑን ጎን 2.83 ጊዜ ያህል ከሆነ ይበቃል። ሳጥኑ 10 ሳንቲሜትር ከሆነ 28.3 ማለት ነው። እኔ 30 አድርጊው እላለሁ፣ እጅ ይስታል። በተለመደው መንገድ ብትጠቀልዪው ግን ለዙሪያው ብቻ 40 ሳንቲሜትር፣ መደራረቢያ ሲታከልበት 42 ወይም 43 የሚሆን ርዝመት ያስፈልግሽ ነበር። አንቺ ጋ ደግሞ ያ ርዝመት የለም።

ጥጎቹ የሚገናኙበት ቦታ ጥብጣቡ የሚያልፍበት ቦታ ነው። አንድ ቋጠሮ ሁሉንም ይይዛል። ፕላስተር ከልካይ ለሆነ ቤት ከዚህ የተሻለ አጠቃለል አላውቅም።

---

ቀዳጅ ነኝ

ይቅርታ አድርጊልኝና እኔ ከባልሽ ወገን ነኝ።

እኛም ቤት እኮ ወግ አለ። ከእናንተ ጋር የማይገናኝ ይሁን እንጂ ወግ ነው። አባቴ መጠቅለል የሚባል ነገር አይችልም። የማዕዘን አጣጠፍ እስከ ዛሬ አልገባውም። የሚጠቀልለው በጋዜጣ ነው፤ አንብቦ በጨረሰው የስፖርት ገጽ። ከዚያ በላዩ ፕላስተር፣ በፕላስተሩ ላይ ሌላ ፕላስተር። ስትከፍቺው ከሥሩ ሌላ ጋዜጣ። ከሱ ሥር የጫማ ካርቶን። ካርቶኑ ውስጥ ሌላ ካርቶን። መጨረሻ ላይ አንዲት እስክሪብቶ። ወለሉ በወረቀት ተሸፍኖ፣ ሁላችንም ስቀን ደክሞን። ከእኔ በላይ ደግሞ እሱ ነበር የሚስቀው። አሁን ለልጆቼ እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ። ታላቋ ካርቶን መደበቅ ከእኔ በልጣለች።

እና "ወግ የምንጠብቀው እኛ ብቻ፣ ቀዳጆቹ ግን ሥርዓት የሌላቸው" አይነት ነገር እንዳይሆን ብዬ ነው። አማትሽ ያለችውም ትክክል ነው። መቅደድ "በጣም ጓጉቻለሁ" ማለት ነው።

ሳይንሱም ትንሽ ከእኔ ጋር ነው። ጄሲካ ሪክሶም የምትባል በሬኖ የኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ ያለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣችው ጥናት አለ። ለተማሪዎች የቅርጫት ኳስ ቡድን አርማ ያለበት ኩባያ ሰጧቸው። ለአንዳንዱ በሥርዓት ተጠቅልሎ፣ ለአንዳንዱ ዝብርቅርቅ ብሎ። ኩባያውን ይበልጥ የወደዱት ዝብርቅርቁ የደረሳቸው ናቸው። ማሸጊያው ሲያምር ሰው ብዙ ይጠብቃላ! ሲከፍተው ኩባያ ነው። ግን አታጭበርብር እንዳትሉኝ ሌላውንም ልናገር። ይሄ የሚሠራው ስጦታው ከጓደኛ ሲሆን ነው። ብዙ ከማትቀራረቢው ሰው ሲሆን ንጹሑ ያሸንፋል፤ "ለእኔ ግድ አለው" ያሰኛል። ከዚያ በፊት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1992 ዳንኤል ሃዋርድ የሚባል ሌላ ተመራማሪ የተጠቀለለ ስጦታ ካልተጠቀለለው ይልቅ እንደሚወደድ አሳይቷል። ስለዚህ ለአለቃሽ አሳምሪው፣ ለወንድምሽ እንደነገሩ አድርጊው፣ ለማንም ግን ሳትጠቀልዪ አትስጪ።

ወደ ልጅሽ ልምጣ። አምስት ዓመቱ ነው። ጓደኞቹ ያመጡለት ወረቀት የእናንተ ቤት ወረቀት አይደለም፤ በጀርባው ምንም የለም። እሱን ይቅደድ። ከሳጥኑ የወጣውን ግን አይቅደድ። ልጅ ሁለት ዓይነት ሕግ መያዝ አያቅተውም። የአያቱ ቤት ሶፋ ላይ አይዘለልም፣ እናንተ ሶፋ ላይ ግን ይዘላል አይደል?

---

እማማ ስፌት

ልጄ፣ ጽሑፍሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እናትሽ ግን እንዴት ያለች ሴት ናት! "ተቀደደ" ብላ መጻፏ አሳቀኝ።

እኔ በስፌት ነው ልጆቼን ያሳደግሁት። ስለዚህ ወረቀቱን ሳይሆን ጨርቁን ነው የማውቀው። እኛ ዘንድ ስጦታ በጨርቅ ይታሰራል። የተሰጠው ሰው ጨርቁን ያኖረዋል፤ ተራው ሲደርስ ሌላ ነገር አስሮበት ለሌላው ይሰጣል። ጨርቁ አንድ ሰው ጋ ብዙ አይከርምም፤ ከዘመድ ዘመድ ይዞራል። አንዳንዱን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ከተረፈ ቁራጭ። ተመልሶ እጄ ሲገባ አውቀዋለሁ፤ ጠርዙን እንዴት እንደቀመቀምኩት አይጠፋኝም። ቀዳጅ ቢመጣ ደግሞ ጨርቅ አይቀደድለትም፣ እስቲ ይሞክረው።

ይሄን የምናውቀው እኛ ብቻ አይደለንም። ጃፓኖች ፉሮሺኪ የሚሉት አላቸው። አራት ማዕዘን ጨርቅ ነው፤ ያው አስረውበት ይሰጣሉ፣ ይሸከሙበታል። ስሙ የመጣው ከመታጠቢያ ቤት ነው፤ ድሮ ሰው ሊታጠብ ሲሄድ ልብሱን ይቋጥርበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትራቸው የነበሩት ወይዘሮ ዩሪኮ ኮይኬ የፕላስቲክ ከረጢት እንዲቀንስ ብለው ከፕላስቲክ ጠርሙስ በተሠራ ጨርቅ ፉሮሺኪ አሠርተው አስተዋውቀዋል። ኮሪያዎች ደግሞ ቦጃጊ ይሉታል። ከእነሱ እኔን የሚማርከኝ ከብጥስጣሽ ጨርቅ የሚገጣጠመው ነው። ቁራጭ አይጣልም፤ ቁራጭ ከቁራጭ ይሰፋና ትልቅ ይሆናል።

ይሄን ያነሳሁት ለምን መሰለሽ? ያነሱብሽን ወረቀቶች ለየብቻ አታስቢያቸው። ከኋላቸው ስስና ጠንካራ ወረቀት አድርገሽ ገጣጥሚያቸው። ማጣበቂያው ከስታርች የተሠራ ይሁን፤ የድሮ መጽሐፍ የሚጠግኑ ባለሙያዎችም የሚጠቀሙት የስንዴ ስታርች ነው፤ በኋላ እንኳ ማላቀቅ ቢፈለግ በውሃ ይለቃል። ለተሰነጠቁትም ያው ነው። በጣም ቀጭን አድርገሽ ቀቢ፣ በሁለት ንጹሕ ወረቀት መሃል አድርገሽ ከባድ መጽሐፍ ጫኚበትና እስኪደርቅ ተዪው። ብቻ ጽሑፉ ያለበትን ቦታ አትሸፍኚ።

ስለ ልጁ ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ። ልጅ የሚጠላው ቋጠሮውን አይደለም፤ አልፈታ ሲለው ነው። ለሱ የሚሆነውን ስጦታ በሸምቀቆ እሰሪለት። ጫፉን ይዞ ሲስበው ባንዴ ፍትት ይላል። የፈለገው ፍጥነት ነው፤ ፍጥነቱን ስጪው። ወረቀቱም አይነካ። አተሳሰሩ ቀላል ነው፦ የጫማ ማሰሪያ ስታስሪ የምትሠሪውን ሁለት ጆሮ አንዱን ብቻ አድርጊ፣ ሌላውን ጫፍ በረጅሙ ተዪው።

---

አሮጌ ነገር ፈላጊ

ስለ ፕላስተሩ ክልከላ አጭር ነገር ልበል።

ምናልባት ማንም አልከለከለው ይሆናል። ግልጹ ፕላስተር የመጣው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው። የሠራው ሪቻርድ ድሩ የሚባል የአሜሪካው 3ኤም ኩባንያ ሠራተኛ ነው። ከዚያ በፊት የሚጠቀልል ሰው በአብዛኛው በገመድ፣ በጥብጣብ ወይም ቀልጦ በሚታተም ሰም ነበር የሚያስረው። ልማዱ ከአያትሽም በፊት ከነበረ፣ ሲጀመር ፕላስተር የሚባል ነገር አልነበረማ። ሲመጣ ደግሞ የሚያስፈልጋቸው ምክንያት አልነበረም።

በጌጥ የታተመው መጠቅለያ ወረቀትም ራሱ ብዙ አላረጀም። እ.ኤ.አ. በ1917 አሜሪካ ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ጆይስና ሮሊ ሆል የሚባሉ ወንድማማቾች ሱቅ ነበራቸው፤ ኋላ ሆልማርክ የተባለው የካርድ ኩባንያ የሆነው ማለት ነው። በገና ሰሞን የሚሸጡት ስስ መጠቅለያ አለቀባቸው። ለፖስታ ገበር የሚሆን ጌጠኛ የፈረንሳይ ወረቀት ስለነበራቸው እሱን አውጥተው ደረደሩት። ተሻምተው ወሰዱት። በዓመቱም እንደዚያው። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1919 የራሳቸውን ማተም ጀመሩ። ዛሬ ስጦታ ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ነገር ከዕቃ እጥረት ነው የተወለደው።

ስለዚህ የወፎቹን ወረቀት ጠርዝ እይው፤ ያልተቆረጠ ጎን ከቀረው አንዳንድ ጊዜ የአምራቹ ስም ወይም ቁጥር በቀጭኑ ታትሞ ይገኛል። ካገኘሽ ጻፊልን።

---

የሳጥኗ ወራሽ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ። እንዲህ ትጽፉልኛላችሁ ብዬ አልጠበቅሁም። እናቴን አጠገቤ አስቀምጬ ሁሉንም አነበብኩላት።

አሮጌ ነገር ፈላጊ፣ ያልተቆረጠ ጎን የለውም፣ አራቱም ተበልቷል። ስለ ፕላስተሩ ግን እናቴ "አልነገርኳችሁም?" አለች። ምን እንዳልነገረችን አላውቅም።

ቀዳጅ ነኝ፣ የጥናቱን ነገር ለባለቤቴ አነበብኩለትና ከትናንት ጀምሮ "ሳይንስ" እያለ ነው። ለዚህ ተጠያቂው አንተ ነህ። ግን የሁለቱ ሕግ ነገር ገብቶኛል፣ እሱን እንይዘዋለን። የውጭው ይቀደዳል፣ የሳጥኑ አይቀደድም። እናቴ በዚህ ትስማማለች ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ እሷ ግን አንድ ነገር ብቻ ጨመረች። "የተቀደደውም ይጻፍበት" አለች። ማን እንዳመጣለት እንዳይረሳ።

እማማ፣ የሸምቀቆውን ነገር በባዶ ካርቶን ሞከርንው። ጫፉን ሳበው፣ ፍትት አለ፣ "ድገሚው" አለኝ። ካርቶኑ ባዶ መሆኑ ግድም አልሰጠው። በኋላ ራሱ ማሰር ካልቻልኩ ብሎ እህቱን አስመርሯታል። ስለ መገጣጠሙ ግን ተከራክረናል። እናቴ አልወደደችውም። "እያንዳንዱ ወረቀት የራሱ ወሬ አለው፣ ተሰፍቶ አንድ ሲሆን የማን የማን እንደሆነ ይጠፋል" ነው የምትለው። እኔ ደግሞ የተሰነጠቁትን መጠገን እፈልጋለሁ፤ ስለዚህ ስታርቹን ለስንጥቅ ብቻ ልጠቀም ነው። እርስዎ ይቅር ይበሉን።

መቀስና ማስመሪያ፣ የሰያፉን አጠቃለል ስላሳየኸን እናመሰግናለን። ሰማያዊውን ለካሁት። ጎኑን እኩል ሳደርገው 22 ሳንቲሜትር ተረፈኝ፤ እንዳልከው ሳሰላው 7 ሳንቲሜትር የሚሆን ሳጥን ይጠቀልላል። ጡረታ ላወጣው ነበር፤ አሁን ግን ትቼዋለሁ። አያቴ ወረቀት ጠቅልላ የምታኖር ሰው ነበረች እንጂ ሙዚየም አልነበራትም። እስኪያልቅ ይሠራል። ሲያልቅ አዲስ ወረቀት እንገዛና የመጀመሪያውን መስመር ልጄ ትጽፍበታለች።

እሱን ካነሳሁ አይቀር፦ ልጄ በባለ ቀለም ፊርማ ብዕር ካልጻፍኩ ብላለች። እርሳስ አሰልቺ ነው ትላለች። ይፈቀድላት?

---

መቀስና ማስመሪያ

7 ሳንቲሜትር ሳጥን ላይ ትንሽ ይተርፋል፣ ጥሩ ነው። አትቁረጪው፤ ወደ ውስጥ እጠፊው።

ብዕሩን አትፍቀጂላት። ቀለሙ ዘልቆ ፊት ለፊት ይታያል፣ እርጥበት ካገኘው ይደፈርሳል፣ ብዙው ደግሞ ዓመታት ሲያልፉ ይደበዝዛል። እርሳስ አይደበዝዝም፤ ካላሹት በቀር አይጠፋም። ለስላሳውን ዓይነት ስጫት፣ 2ቢ የሚለውን። ደረቁ እርሳስ ወረቀቱን ይጭረዋል፣ ጭረቱም በፊት በኩል ይወጣል። ከሥሩ ወፍራም ካርቶን አድርጋ ትጻፍ።

ባለ ቀለሙን ከጥብጣቡ ጋር ለምታስረው ካርድ ትጠቀምበት። እዚያ የፈለገችውን ትሣል።